ጉብኝት፣ ዚያራ ወይስ ጥየቃ? እንግዳ ወደ ሠዓሊ ስቱዲዮ የሚመጣበትን ልማድ ስለ መሰየም

1. የጉዳዩ መነሻ

በሥዕልና በቅርፃ ቅርፅ ሙያ በልዩ ልዩ አገሮች ከተለመዱት አሠራሮች አንዱ፣ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ወይም ሌላ ሠዓሊ ወደ አንድ ሠዓሊ መሥሪያ ስፍራ ሄዶ ሥራዎቹን በተሠሩበት ቦታ የሚያይበትና ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገርበት ቆይታ ነው። ቆይታው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። እንግዳው ያለቀውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ንድፉን፣ የተጀመረውንና ተሞክሮ የተተወውን ጭምር ያያል፤ ይጠይቃል፤ ይጠየቃልም። በዕለቱ ሽያጭ ላይፈጸም፣ ተስፋም ላይሰጥ ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተጀመረ ትውውቅ ከዓመታት በኋላ ለዐውደ ርእይ፣ ለውጭ አገር የሥራ ቆይታ ወይም ለረጅም የሙያ ወዳጅነት ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ልማዱ ወደ አማርኛ የገባው «የስቱዲዮ ጉብኝት» በሚል ስያሜ ነው። ስያሜው ከባዕዱ ቃል ጋር ሲነጻጸር እንግዳ ነገር የለበትም፤ «ስቱዲዮ» የሚለው ውሰት እንዳለ ተወስዷል፣ «ጉብኝት» የሚለውም በመዝገበ ቃላት የሚገኝ አቻ ነው። ነገር ግን አንድ ስያሜ የሚመዘነው ከባዕዱ ቃል ጋር በመመሳሰሉ ብቻ አይደለም፤ ሰሚው ስያሜውን ሲሰማ ምን እንዲያደርግ ያዘጋጀዋል የሚለውም ጥያቄ አብሮ መታየት ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ «ጉብኝት» ሠዓሊውን ለማይመጣበት ነገር እንደሚያዘጋጀው፣ አማርኛም ለዚህ ልማድ የተሻለ ቃል እንዳለው ለማሳየት እንሞክራለን።

ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው ከኮምቦልቻና ከደሴ የወሰድነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ በወሎ አማርኛ ሰው ወደ ሰው መሄድን የሚገልጹ ሦስት ግሶች፣ ማለትም ጎበኘ፣ ዘየረና ጠየቀ፣ ጎን ለጎን በሕይወት ስለሚገኙ ልዩነታቸው ጎልቶ ይታያል። ሁለተኛ፣ ከዋና ከተማው ውጭ የተርጓሚው ኃላፊነት ይከብዳል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና አያሌ የሥዕል ማሳያዎች ባሉበት በአዲስ አበባ፣ ሠዓሊውና እንግዳው ደጋግመው ሊገናኙ ስለሚችሉ በስያሜ የተፈጠረውን መደነጋገር ትውውቁ ራሱ ያርመዋል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የሩቅ እንግዳ ግን ምናልባት የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው። ከእንግዳው ቀድሞ የሚደርሰውም የተተረጎመ ደብዳቤ ነው። ሠዓሊው የሚዘጋጀው በደብዳቤው ቃል መሠረት ይሆናል።

2. ጎበኘ

ጎበኘ የሚለው ግስ መሠረታዊ ሐሳቡ ተዘዋውሮ ማየት፣ ሁኔታን መመልከት ነው። ገበሬ ማሳውን ይጎበኛል፤ ባለንብረት ንብረቱን ይጎበኛል። ከዚህ ግስ የወጡት ስሞች ዛሬ በሁለት መስኮች ጸንተዋል። አንዱ የአገር ጎብኚነት መስክ ሲሆን ጎብኚ፣ አስጎብኚ፣ የጉብኝት መርሐ ግብር የሚሉት የዚህ ናቸው። ሁለተኛው የአስተዳደር መስክ ነው፤ «የሥራ ጉብኝት» ሲባል የበላይ ኃላፊ የበታቹን ሥራ በቦታው ተገኝቶ መመልከቱን ያመለክታል።

በኮምቦልቻ ይህ ሁለተኛው ፍች እጅግ የታወቀ ነው። ከተማው የፋብሪካዎች ከተማ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን፣ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውንም ኢንዱስትሪ ፓርክ የመሳሰሉ ድርጅቶች ባሉበት ስፍራ፣ ጉብኝት ማለት ወለሉ የሚጠረግበት፣ ማሽኑ የሚወለወልበት፣ ሠራተኛው በየቦታው ቆሞ የሚጠብቅበት፣ ኃላፊውም ገለጻ እየሰማ የሚያልፍበት ሥነ ሥርዓት ነው። በፋብሪካ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል። አሁን «በስቱዲዮዎ ጉብኝት ይደረጋል» የሚል ደብዳቤ ለአንድ የኮምቦልቻ ሠዓሊ ደረሰው እንበል። ሠዓሊው ቤቱን ያጸዳል፤ ጅምር ሥራዎቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይደብቃል፤ ያለቁትን መርጦ ይሰቅላል፤ አጭር ገለጻም ያጠናል። እንግዳው ሊያየው የመጣው ግን በተለይ ያንን የተደበቀውን ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች በቅንነት እየሠሩ ሳይገናኙ ይለያያሉ።

ጉብኝት ጨርሶ አይስማማም ማለታችን አይደለም። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የኖሩበትና የሠሩበት፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው ቪላ አልፋ እንግዶችን ይቀበሉበት የነበረ ቤት ነው። ቤቱ ራሱ በሠዓሊው ሐሳብ የተሠራ፣ ለመታየትም የታሰበ ስለ ነበረ «ቪላ አልፋን ጎበኘን» ማለት ትክክለኛ አማርኛ ነው። ስቱዲዮው ለመታየት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሲሆን ጉብኝት ይባላል፤ ሥራ ላይ ያለ ስቱዲዮ ሲሆን ሌላ ቃል ያስፈልጋል።

3. ዘየረ

ዘየረ ከዐረብኛ የመጣ ውሰት ሲሆን በእስልምና ተከታዮች አማርኛ፣ በተለይም በወሎ፣ በሰፊው የሚነገር ነው። ዘየረ፣ ይዘይራል፣ መዘየር እየተባለ እንደ ማንኛውም ያማርኛ ግስ ይረባል፤ ስሙም ዚያራ ነው። የሚዘየረው ሼኽ፣ ታላቅ ሰው፣ ዘመድ ወይም የተከበረ ስፍራ ነው። ዘያሪው ወደሚዘየረው የሚሄደው አክብሮ ነው፤ ዱዓ ሊቀበል፣ ከዕውቀቱም ሊካፈል ነው።

ይህን ግስ እዚህ ያነሣነው ለስያሜነት ልናቀርበው አይደለም፤ ከሃይማኖታዊ ሥርዓት ጋር ያለው ቁርኝት ጥብቅ ስለሆነ ለሙያ ስያሜ መውሰዱ ለቃሉም ለሙያውም አይበጅም። የሚጠቅመን በንጽጽሩ ነው። በጉብኝት የክብር አቅጣጫ ከቤቱ ወደ እንግዳው ነው፤ የሚከበረው መጪው ነው። በዚያራ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ የሚከበረው ባለቤቱ ነው። ስለሆነም አማርኛ ተናጋሪው ለ«መሄድና ማየት» ቃል ሲመርጥ ማን ማንን እንደሚያከብር አብሮ ይመርጣል። በባዕዱ ቃል ውስጥ ይህ ምርጫ ስለማይታይ ተርጓሚው በቀላሉ ያልፈዋል፤ በአማርኛው ግን የግድ ይገባበታል።

4. ጠየቀ

ጠየቀ ሁለት የተለመዱ ፍችዎች አሉት። አንደኛው ጥያቄ ማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውን ባለበት ሄዶ ማየትና ስለ ደኅንነቱ መስማት ነው፤ ዘመድ መጠየቅ፣ የታመመ መጠየቅ፣ አራስ መጠየቅ እንዲሉ። «ጠያቂ የለውም» የተባለ ሰው ብቸኛና የተረሳ ሰው ነው። ሁለቱ ፍችዎች የተገናኙበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰውን ሄዶ ማየት ማለት «እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ?» ብሎ መልሱን ተቀምጦ መስማት ነውና። ከዚህ በላይ የገለጽነው የስቱዲዮ ቆይታ የሚያስፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነገሮች፣ መምጣትንና መጠየቅን፣ በአንድነት ነው። ሁለቱን በአንድ ግስ የያዘ ቃል በቋንቋችን እያለ ወደ ሌላ መሄድ አስፈላጊ አይመስለንም።

የሰዋስውም ማስረጃ አለ። ጎበኘ ስፍራን ተሳቢ አድርጎ ይወስዳል፤ «ስቱዲዮውን ጎበኘ» ይባላል፤ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሠዓሊው ባይኖርም ነገሩ ሙሉ ነው። ጠየቀ በሁለተኛው ፍች ግን ተሳቢው ሰው ብቻ ነው። «ስቱዲዮውን ጠየቀ» ማለት አይቻልም፤ «ሠዓሊዋን በስቱዲዮዋ ጠየቃት» ማለት ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ ጠየቀን የመረጠ ተርጓሚ ሠዓሊውን ወይም ሠዓሊዋን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሊያስወጣ አይችልም። ይህ የቋንቋው አስገዳጅነት ከልማዱ መንፈስ ጋር ይስማማል።

በዚህ ምርጫ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ።

ሀ) ጥየቃ ከሕመምተኛና ከእስረኛ ጋር የተያያዘ ነው ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዘመድም፣ ጎረቤትም፣ መምህርም ይጠየቃል። ቃሉን የሚወስነው ከፊቱ የሚቆመው ስም ስለሆነ «የስቱዲዮ ጥየቃ» ሲባል ሕመም ትዝ አይልም።

ለ) ሁለቱ ፍችዎች ሊደባለቁ ይችላሉ ሊባል ይችላል። «ሊጠይቁዎት ይፈልጋሉ» የሚለው ብቻውን ሲቆም አሻሚ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ አማርኛ መፍትሔውን ራሱ ያቀርባል፤ መጥቶ ወይም ሄዶ የሚል ቦዝ ሲቀድመው ፍቹ ይወሰናል። «መጥተው ሊጠይቁዎት ይፈልጋሉ» የሚለውን የሚያደናግረው አንባቢ አይኖርም።

ሐ) ከዚሁ ግስ የወጡት ተጠያቂና ተጠያቂነት ዛሬ የሕግና የአስተዳደር ቃላት ናቸው። ይህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነጥብ ነው። እንግዳውን «ጠያቂ» ማለት መልካም ሲሆን፣ ሠዓሊውን «ተጠያቂ» ማለት ግን ችሎት ፊት ማቆም ይሆናል። ስለዚህ ሠዓሊው በዚህ ዘርፍ «ባለቤት» ወይም በስሙ «ሠዓሊው» ይባል።

5. የሚመጣው ማን ነው?

ከሚመጡት እንግዶች አንዱ በሌሎች ቋንቋዎች ጥንተ ነገሩ «መንከባከብ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ስያሜ ያለው ባለሙያ ነው። በአማርኛ ኩሬተር፣ ኪዩሬተር፣ ኪውሬተር እየተባለ በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይገኛል። ለዚህ ባለሙያ ሁለት ያገር ቃላት የቀረቡ ሲሆን፣ ሁለቱ የሚወክሉት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎችን ነው።

የመጀመሪያው «ዐቃቤ» ነው፤ ጠባቂ ማለት ሲሆን በዐቃቤ ሰዓት፣ በዐቃቤ ሕግ ውስጥ እናውቀዋለን። ይህ ቃል የሙዚየም ስብስብን ለሚጠብቅና ለሚመዘግብ ሰው ይስማማል። የዚህ ሥራ ክብደት ለደሴ ሰው ማስረዳት አያሻውም፤ የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏልና። ሁለተኛው ቃል በጋዜጦችና በዐውደ ርእይ መግለጫዎች የሚታየው «አጋፋሪ» ነው። አጋፋሪ በቀድሞው ቤተ መንግሥት እንግዳ እየተቀበለ የሚያስገባ፣ በግብርም ጊዜ ሰውን በየተራው የሚያስተናግድ ሹም ነበር። ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ሰውም የትኛው ሥራ እንደሚገባ፣ ከየትኛው አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚወስን ስለሆነ ቃሉ በጥሩ ምርጫ የተገኘ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ብሔራዊ ማሳያ ስትቀርብ የታዩት የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ነበሩ፤ ዐውደ ርእዩን ያሰናዱትም ባለቅኔው ለምን ሲሳይ ናቸው። እኒህን ባለቅኔ «ዐቃቤ» ማለት ባይስማማም «አጋፋሪ» ማለት ይስማማል።

ሆኖም አጋፋሪ የበር ሰው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የሚያስገባ የሚከለክልም ነው። በስቱዲዮ ጥየቃ ጊዜ ግን በሩ የሠዓሊው ነው፤ አጋፋሪው ለዕለቱ እንግዳ ነው። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» መባል የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ማስገባትና መከልከል ምን ያህል በስያሜ ውስጥ እንደሚገቡ ይረዳል። ተርጓሚው «አጋፋሪው ይጎበኛል» ሲል የበሩን ሥልጣንና የበላይነትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይደርባል፤ «አጋፋሪው ይጠይቃል» ሲል ግን ሁለተኛው ቃል የፊተኛውን ያለዝበዋል።

የአጋፋሪና የሠዓሊ ግንኙነት ከአንድ ቀን አልፎ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ለማስረዳት ያህል፣ ሠዓሊ ኤልያስ ስሜንና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያና አጋፋሪ የሆኑትን መስከረም አሰግድን መጥቀስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የቀረበውን የኤልያስን ዐውደ ርእይ ያሰናዱት መስከረምና የቴአትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም የኤልያስና የመስከረም የጋራ ሥራ ነው። ይህን የመሰለ የረጅም ዘመን ትብብር «ጉብኝት» በሚለው ቃል መነሻ መግለጽ እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ሌላው እንግዳ ሠዓሊው ራሱ፣ የሙያ ባልደረባው ነው። እዚህ ላይ «አርቲስት» የሚለው ውሰት መወገድ አለበት፤ በአማርኛ አርቲስት በአብዛኛው የድምፃዊና የተዋናይ መጠሪያ ሆኗልና። «ሠዓሊ» ወይም «ቀራፂ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይሻላል። ስለ ሠዓሊ አጻጻፍም አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በግእዝ ሣለ፣ ቀባ የሚለው ሠዐለ በንጉሡ «ሠ» እና በዐይኑ «ዐ» ሲጻፍ፣ ለመነ፣ ጠየቀ የሚለው ሰአለ በእሳቱ «ሰ» እና በአልፋው «አ» ይጻፋል። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ፣ ጥየቃንና ሥዕልን ከአንድ ሥር ለማውጣት የሚቃጣው ይኖር ይሆናል፤ ሥሮቹ ግን የተለያዩ ናቸው፤ የምርጫችን መሠረትም ይህ የድምፅ መመሳሰል አይደለም።

6. ስለ ስፍራውና ስለ ውይይቱ

ስቱዲዮን ባገር ቃል ለመተካት የሚደረገው ሙከራ ከአንድ አስቸጋሪ ነገር ጋር ይጋጫል። በወፍጮ ቤትና በማተሚያ ቤት አምሳል «መሥሪያ ቤት» እንዳንል ቃሉ ለመንግሥት ቢሮ ተወስዷል። «የሥዕል ቤት» ብንል ሥዕል የሚቀመጥበትን ወይም የሚሸጥበትን ያስመስላል። ሠዓልያኑ ራሳቸው የሚሉት «ስቱዲዮ» ስለሆነ ቃሉ ይቆይ እንላለን። ነገር ግን ስቱዲዮ የድምፅ መቅጃም፣ የፎቶግራፍ ማንሻም፣ የሬዲዮ ማሰራጫም፣ በቅርቡ ደግሞ ባለ አንድ ክፍል መኖሪያም ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የሠዓሊ ስቱዲዮ» ተብሎ ይለይ።

ከቆይታው ጋር የተያያዙት ሌሎች ቃላትም እንደ ጉብኝት ከቢሮ የተወረሱ ናቸው። እንግዳው ስለ ሥራው የሚናገረውን «ሂስ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ሂስ በሥነ ጽሑፍ ጥናት ክቡር ቃል ነው፤ ነገር ግን «ሂስና ግለ ሂስ» በተባለው የፖለቲካ ስብሰባ ልማድ ያለፈ ትውልድ ሲሰማው የሚያስታውሰው ሌላ ነው። «ግምገማ» ደግሞ የሥራ ውጤት የሚሞላበት ቅጽ ያስታውሳል። «አስተያየት» ማለት ይበቃል። አስተያየት ከአየ የወጣ ስለሆነ አስቀድሞ ማየትን ይጠይቃል።

«ያላለቀ ሥራ» የሚለው ጉድለትን ያመለክታል፤ «ጅምር ሥራ» ግን ወደ ፊት ያያል። ያልተጠናቀቀ ሥራን በሌላ ሰው ፊት ማቅረብ ለባህላችን እንግዳ አይደለም፤ በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ የሚነግርበትና እርማት የሚቀበልበት ሥርዓት የታወቀ ነው። እንዲሁም ሠዓሊ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራበትን ዕድል «የነዋሪነት መርሐ ግብር» ብሎ መተርጎም የቀበሌ መታወቂያን ስለሚያስታውስ «የሥራ ቆይታ» ማለት ይሻላል።

7. ማጠቃለያ

ልዩነቱ በተግባር እንዲታይ አንድን ሐሳብ በሁለት መልክ እናቀርባለን። ምሳሌውን ያዘጋጀነው እኛ ነን።

ሀ) «ኩሬተሩ በስቱዲዮዎ የሥራ ጉብኝት በማድረግ ሥራዎችዎን ይገመግማሉ፤ አስፈላጊውን ዝግጅት እንዲያደርጉ እናሳስባለን።»

ለ) «የዐውደ ርእይ አጋፋሪው ወደ ኮምቦልቻ መጥተው በስቱዲዮዎ ሊጠይቁዎት ይፈልጋሉ። ያለቁትንም ጅምሮቹንም ሥራዎች እያዩ ከእርስዎ ጋር መነጋገር ይሻሉ፤ የተለየ ዝግጅት አያስፈልግም።»

ሁለቱም ደብዳቤዎች ከአንድ የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ ሊወጡ ይችላሉ። ፊተኛው የደረሰው ሠዓሊ መርማሪ ይጠብቃል፤ ኋለኛው የደረሰው ጠያቂ ይጠብቃል። ተርጓሚው ቃሉን ሲመርጥ ከሁለቱ አንዱን ወደ ሠዓሊው ቤት ይልካል።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን፦ በሥራ ላይ ያለን ሠዓሊ በስቱዲዮው ሄዶ ማየትና ማነጋገር «የስቱዲዮ ጥየቃ»፤ ለመታየት የተዘጋጀን ቤት ወይም ስቱዲዮ ማየት «ጉብኝት»፤ የሙዚየም ስብስብ ኃላፊ «ዐቃቤ»፤ የዐውደ ርእይ ኃላፊ «አጋፋሪ»፤ የሚመጣው ሰው በወል «ጠያቂ»፤ የሚሰጠው ቃል «አስተያየት»፤ በመሠራት ላይ ያለው «ጅምር ሥራ»፤ በሌላ ስፍራ የሚደረገው «የሥራ ቆይታ»።

ከእነዚህ ውስጥ «የስቱዲዮ ጥየቃ» በሠዓልያኑ አንደበት ይሰማማ እንደሆነ የሚፈርዱት እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በሙያው መካከል የሚሠሩ ተርጓሚዎች ቃሉን በደብዳቤና በመግለጫ እየሞከሩት፣ በየአካባቢው የሚነገሩትን ሌሎች ቃላትም እየመዘገቡ አስተያየታቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን።